ኦይቫ በየደጁ የሚጠይቃት ጥያቄ

ቱሊኪ የትምህርት ቤት ልጆች የምታመላልስበትን ታክሲ ከመንደሩ ሱቅ አጠገብ አቁማ፣ ሞተሩ እስኪሞቅ ጓንቷን ሳታወልቅ መሪውን ይዛ ተቀምጣለች። ቀትር ነው፤ ግን በመንደራችን በኩሳቫራ በበረዶ ወራት ቀትር ማለት ሰማያዊ ድንግዝግዝ ማለት ነው።

ሽማግሌው ኦይቫ አንገቱን በወፍራም ሻርፕ ጠቅልሎ፣ ዳቦ በላስቲክ አንጠልጥሎ ከሱቁ ወጣ። የካውኮ መኪና አጠገብ ሲደርስ ቆመ። ሞተሩን ብርድ እንዳይገድለው የሚሰካው የማሞቂያ ገመድ ከሶኬቱ ወልቆ በረዶው ላይ ተጋድሟል። ጎንበስ ብሎ አነሳው፤ አራገፈው፤ ሰካው። ይህም አልበቃው፤ ከኪሱ መፋቂያ አውጥቶ የፊት መስታወቱን አመዳይ ይፍቅ ጀመር። የፊቱን ሲጨርስ ወደ ኋላው ዞረ፤ የጎኖቹንም በጓንቱ ወለወላቸው። ከዚያ የሱቁን በር እንደ ሌባ ገልመጥ አድርጎ አየና ዳቦውን አንጠልጥሎ ፈጠን ፈጠን እያለ ሄደ።

ካውኮ ሲወጣ መስታወቱን አየ። ግራ ቀኙን አየ። ሰው ሲያጣ ደግሞ ቀና ብሎ ወደ ሰማይ አየ። ቱሊኪ ብቻዋን ሳቀች።

ሳቋ ግን ቶሎ ከሰመ። ካውኮ የመንደሩ ኮሚቴ ሊቀመንበር ነው፤ ከጥቂት ጊዜ በፊት ሱቅ ውስጥ አግኝቷት፣ “ኦይቫ ዘንድሮ የገና አባት መሆን አይችልም፤ ድምፁ ሄዷል። ዮሉፑኪ ከከተማ እናስመጣለን። አንቺ መጽሐፍ የምታነቢ ሰው ነሽ፤ ለገና በምናወጣው የመንደሩ ወረቀት ላይ አሳምረሽ የስንብት ቃል ጻፊለት” ብሏት ነበር።

ይህን ኦይቫ አያውቅም እንዳይባል፣ መንደሩ ሙሉ ያውቃል፤ እሱም ያውቃል። አውቆ ነው የካውኮን መስታወት የፋቀው።

የገና አባት በየአገሩ ስም አለው፤ እኛ ዮሉፑኪ እንለዋለን። ትርጉሙ የገና አውራ ፍየል ነው፤ የውጭ ሰው ሲሰማው ይስቃል። በአያቶቻችን ዘመን ጎረምሶች የፍየል ቀንድ ራሳቸው ላይ አስረው፣ ለምድ ገልብጠው ለብሰው በየቤቱ እየዞሩ “ጠላ አምጡ፣ ሥጋ አምጡ” ይሉ ነበር። ልጆች አልጋ ሥር ይደበቁ ነበር። እንዴት እንደሆነ እግዚአብሔር ይወቀው፣ ያ ነጣቂ ፍየል ውሎ አድሮ ሰጪ ሽማግሌ ሆነ። ቱሊኪ ይህን ስታስብ ሁልጊዜ ተስፋ ይሰማታል። ፍየሉ እንኳ ከተለወጠ ሰው ምን ያቅተዋል?

የሚኖረው ከኛ በስተሰሜን ባለው የጆሮ ተራራ ነው ይባላል፤ ተራራው ጆሮ ስለሆነ የልጆችን ነገር ሁሉ ይሰማል። በገና ዋዜማ ግን ራሱ መጥቶ በር ያንኳኳል። በጭስ ማውጫ አይገባም፤ ልጆች ሲተኙም ሹልክ አይልም። በፊት ለፊት በር፣ ልጆቹ ዓይናቸውን አፍጥጠው እያዩት ነው የሚገባው። ስለዚህ በየመንደሩ ለምዱን የሚለብስ አንድ ሰው ያስፈልጋል።

ኦይቫ ዕድሜውን የኖረው በረዶ ጠራጊ መኪና ሲነዳ ነው። ገና ሰው ሳይነሳ መንገዱን ይከፍታል። እርጉዝ ያለችበትን ቤት፣ የታመመ ያለበትን ቤት ሳይነግሩት ያውቃል፤ የነዚያን ደጅ አስቀድሞ ይጠርጋል። እሱና ሚስቱ ሴልማ ልጅ አልወለዱም። ሰው ሲያነሳባቸው ሴልማ፣ “በዓመት አንድ ቀን የመንደሩ ልጅ ሁሉ የኛ ነው” ብላ ወሬውን ትዘጋዋለች።

ዮሉፑኪ የሆነው በሄርማኒ የተነሳ ነው። ሄርማኒ ከሱ በፊት ለምዱን የሚለብስ ሰው ነበር። ልበ ቀና ነው፤ ግን በየቤቱ “ለብርዱ” እያሉ የሚቀዱለትን አረቄ እምቢ ማለት አያውቅም። አንድ ዓመት ሦስተኛው ቤት ሲደርስ ዘፈነ፤ አምስተኛው ቤት አለቀሰ፤ ወደ ስድስተኛው ሲሄድ ጠፋ። ወጣቱ ኦይቫ መንገድ ሲጠርግ የሰው የእንፋሎት መታጠቢያ፣ ሳውና ውስጥ ከነጢሙ ተኝቶ አገኘው። ጆንያውን ተንተርሶታል።

“ተነስ እንጂ ሄርማኒ! ልጆች እየጠበቁህ ነው።”

“ንገራቸው” አለ ሄርማኒ ዓይኑን ሳይገልጥ። “ፍየሉ ሞቷል በላቸው።”

ልጆች ፊት ቆሞ ፍየሉ ሞቷል ማለት ለኦይቫ አልሆነለትም። ለምዱን ከሄርማኒ ላይ ገፈፈ፤ ከፍየል ጸጉር የተሠራውን ጢም ከአገጩ ፈታ፤ ጆንያውን ከራሱ ሥር መዞ በምትኩ የሳውና ፎጣ አጥፎ አደረገለትና ወጣ። ከዚያን ቀን ወዲህ ያን ለምድ ሌላ ሰው ለብሶት አያውቅም። አርባ ዓመት አልፎታል።

ልማዱን መንደሩ በቃሉ ያውቀዋል። ለምዱን በሳሙና አያጥብም፤ ታኅሣሥ ሲገባ ውርጭ ላይ ሰቅሎ ያናፍሰዋል። በዋዜማው ጠዋት እንደ ሁሉም ሰው የሩዝ ገንፎውን ይበላል፤ ቀትር ላይ የገና ሰላም በሬዲዮ ሲታወጅ ቆሞ ይሰማል። ቀጥሎ መቃብር ቦታ ሄዶ በረዶው ላይ ሻማ ያበራል፤ ለወላጆቹ፣ ለሄርማኒም ጭምር። ከዚያ በኋላ ነው የሚለብሰው። ወላጆች ስጦታውን ማገዶ ቤት ደብቀው ያስቀምጡለታል፤ እሱ በጨለማ እየዳበሰ ጆንያው ውስጥ ይጨምራል። አረቄ ሲቀርብለት፣ “አጋዘኖቼ ሽታውን አይወዱም፤ በእግር ያስኬዱኛል” ይላል። መሃል ቤት አይቀመጥም፤ በሩ አጠገብ ባለች በርጩማ ላይ ነው። ልጆች ሲዘፍኑለት ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማል፤ ሲጨርሱ ለንጉሥ እንደሚነሳ ብድግ ብሎ እጅ ይነሳል።

መቼም መታወቁ አይቀርም። አንድ ዓመት የባለሱቋ ልጅ፣ “ይሄ የጋሼ ኦይቫ ቡትስ ነው!” ብላ ጮኸች። እናቷ ደነገጠች። ኦይቫ ግን እግሩን ዝቅ ብሎ አየና፣ “ልክ ነሽ። የኔ ሲረጥብብኝ አዋሰኝ። ደግ ሰው ነው፤ ስታገኚው አመስግኝልኝ” አላት። በማግስቱ ልጅቷ ቤቱ ድረስ ሄዳ ስለ ቡትሱ አመሰገነችው።

አሁን ወደ ጥያቄዋ እንምጣ። ዮሉፑኪ በር ላይ ቆሞ፣ “እዚህ ቤት ጨዋ ልጆች አሉ ወይ?” ብሎ ይጠይቃል፤ ልጆቹም “አሉ!” ብለው ይጮኻሉ። ከአባት ከአያት የመጣ ነው። እናቶች ከመስከረም ጀምረው፣ “ቆይ፣ ሲመጣ ምን ትለዋለህ?” እያሉ ያስፈራሩበታል። ማንም ክፉ አያስብበትም፤ ኦይቫም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እንደማንኛውም ሰው ይህንኑ ይጠይቅ ነበር።

ቱሊኪ ስድስት ዓመቷ ሳለ እናቷ ታማ ሩቅ ሆስፒታል ተኝታ ነበር። ቤቱን የያዘችው አክስቷ ሂልያ ነበረች። ሂልያ ክፉ ሴት አይደለችም፤ ደክሟት ነበር። ደክሟት ሳለም አንድ ቀን፣ “አንቺ እንዲህ እያስቸገርሽ እናትሽ እንዴት ትዳን?” አለቻት። ትልቅ ሰው የተናገረውን በማግስቱ ይረሳዋል፤ ልጅ ግን ይዞት ይተኛል፣ ይዞት ይነሳል።

በዋዜማው በሩ ተንኳኳ። ለምድ የለበሰ ረጅም ሰው ከነብርዱ ገባ።

“እዚህ ቤት ጨዋ ልጆች አሉ ወይ?”

በቤቱ ውስጥ ከቱሊኪ በቀር ልጅ የለም።

“የሉም” አለች።

“ኧረ አንቺ ልጅ!” አለች ሂልያ ለመሳቅ እየሞከረች። “ትቀልዳለች እኮ።”

“አልቀልድም። ጨዋ ብሆን እማዬ ትድን ነበር። አንተ ሌላ ቤት ሂድ።”

አባቷ ምድጃው አጠገብ አንገቱን ደፋ። ዮሉፑኪ ለዚህ የሚመልሰው ነገር አልተሰጠውም፤ ከአባት ከአያት የመጣው ንግግር የሚቀጥለው “አሉ” ከተባለ በኋላ ነው። ኦይቫ ጆንያውን ቀስ ብሎ አወረደ። ፊቱ ከፊቷ ጋር ትክክል እስኪሆን ድረስ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ።

“ስሚኝ” አላት። “የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። መንገዱ ረጅም ነው፤ በረዶ ጆሮዬ ገብቶ የተላክሁበትን ቃል አጠፋብኝ። እንዲህ ብለህ ጠይቅ አልተባልሁም።”

“ታዲያ ምን ተባልክ?”

“‘ልጅ ካለበት ግባ’ ነው የተባልሁት። ጨዋ ይሁን አይሁን ያለኝ የለም። የእናትሽ ሕመም ደግሞ ከሳንባዋ ነው፤ ካንቺ አይደለም። ሐኪሟም ይህን ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ልግባ ወይስ ልሂድ?”

ቱሊኪ አሰበችበት።

“ግባ” አለች።

ስጦታዋ ምን እንደነበረ ዛሬ አታስታውሰውም። የምታስታውሰው በዚያ ሌሊት እንቅልፍ እንደወሰዳት ነው። እናቷ በፋሲካ ሰሞን ድና ተመለሰች፤ ተመስገን። ባትመለስ ኖሮም ግን፣ ይላል የቱሊኪ ልብ፣ ያ ‘ካንቺ አይደለም’ የሚለው ቃል እውነት እንደሆነ ይቀር ነበር።

ከዚያ ዓመት ወዲህ ኦይቫ የድሮውን ጥያቄ ጠይቆ አያውቅም። በሩ ሲከፈት፣ “እዚህ ቤት የሚያስገባኝ ልጅ አለ ወይ?” ይላል። ይኸው ነው። ልጆቹ “አለ! ግባ! ግባ!” እያሉ ለምዱን ይጎትቱታል። የኩሳቫራ ልጆች ዮሉፑኪ በዓለም ሁሉ እንዲህ የሚጠይቅ ይመስላቸዋል። አንድ ጊዜ ከሄልሲንኪ ለበዓል የመጣ ልጅ፣ “ተሳሳትክ! እንዲህ አይደለም የሚባለው!” ብሎ ቢያርመው፣ የመንደሩ ልጆች፣ “ዝም በል፣ የናንተው ሐሰተኛ ነው” አሉት።

ዘንድሮ በመስከረም ኦይቫ ማንቁርቱ ላይ ዕጢ ተገኘበት። ሐኪሞቹ ዕጢውን አወጡ፤ ሕይወቱን አተረፉለት፤ ድምፁ ግን አብሮ ሄደ። የቀረችው ሹክሹክታ ናት፤ እሷም ቶሎ ትደክማለች። ከሆስፒታል ሲመለስ የበረዶው ወራት ማገዶ ሁሉ ተፈልጦ ተደርድሮ አገኘው። ማን እንደፈለጠው የሚነግረው ጠፋ። የመንደሩን ወንዶች መዳፍ እያየ ሊደርስበት ቢሞክርም ብርድ ስለገባ ሁሉም ጓንት አድርገዋል።

እንግዲህ የካውኮ መስታወት በተፋቀበት ሳምንት ኮሚቴው በአሮጌው ትምህርት ቤት ሲሰበሰብ ነገሩ ተነሳ።

“ሰውየውን ሁላችንም እንወደዋለን” አለ ካውኮ። “ግን ድምፅ የሌለው ዮሉፑኪ ደወል የሌለው ቤተ ክርስቲያን ነው። የከተማውን ሰው አነጋግሬያለሁ፤ ጢሙም የራሱ ነው።”

“እሱ በር ላይ ምን ብሎ ነው የሚጠይቀው?” አለች ቱሊኪ።

“ምን ይላል? ሁሉም የሚለውን ነዋ። ‘ጨዋ ልጆች አሉ ወይ?’”

“እኛ ጋ እንዲህ አይባልም።”

“አንቺ ሴትዮ፣ እኔ ስለ ድምፅ አወራለሁ፣ አንቺ ስለ ቃል ታወሪያለሽ። ፍየል ወዲያ፣ ቅዝምዝም ወዲህ!”

“እኔማ ስለ ፍየሉ ነው የማወራው።”

ቤቱ በሳቅ ሞላ፤ ካውኮም ሳቀ። ክፉ ሰው አይደለም፤ በዋዜማው ልጆች በር በር እያዩ እንዳይቀሩ ነው የሚፈራው። “እሺ” አለ በመጨረሻ። “ኦይቫ ራሱ እስከ እሑድ እችላለሁ ካለ ይሁን። ካላለ ግን የከተማውን እጠራለሁ፤ አንቺም ስንብቱን ትጽፊያለሽ።”

ቱሊኪን ያስጨነቃት የራሷ ትዝታ ብቻ አልነበረም። በየጠዋቱ ታክሲዋ ውስጥ የኋላው ወንበር ጥግ ላይ የሚቀመጥ አንድ ልጅ አለ። አባቱ ከቤት ከወጣ ወዲህ ከማንም ጋር አያወራም፤ በመስኮቱ ላይ በጣቱ መስመር እያሰመረ ይሄዳል። ዘንድሮ አንድ እንግዳ ሰው በዚያ ልጅ በር ላይ ቆሞ የድሮውን ጥያቄ ቢጠይቀው ልጁ ምን ብሎ እንደሚመልስ ታውቀዋለች። ማንም ባያውቅ እሷ ታውቀዋለች።

ቅዳሜ ዕለት ወደ ኦይቫ ቤት ሄደች። ሴልማ በሩን ከፍታ፣ “ማገዶ ቤት ነው” አለቻት። “ይፈልጣል መስሎሻል? ሂጂ፣ ራስሽ ስሚው።”

ቱሊኪ ወደ ማገዶ ቤቱ ተጠጋች። በሳንቃው ክፍተት ሦስት ጊዜ ኳ ኳ ኳ የሚል ድምፅ ሰማች። ቀጥሎ የሰው ትንፋሽ፤ ከዚያ ምንም። እንደገና ኳ ኳ ኳ። እንደገና ትንፋሽ። ጉሮሮዋን ጠረገች። በሩ ተከፈተና ኦይቫ ፊቱ ቀልቶ ብቅ አለ።

“ስንብቱን ልትጽፊ መጣሽ?” አላት በሹክሹክታ።

“ማን ነገረህ ጋሼ?”

“ካውኮ። እዚሁ ቆሞ ነገረኝ፤ እያለቀሰ። እኔ ነኝ ያባበልሁት።”

ወደ ቤት ገብተው ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ። ሴልማ የዝንጅብል ብስኩት አቀረበች። ቱሊኪ ብስኩቱን በጣቷ ስታዞር ቆይታ፣ “ጽሑፉን ጀምሬው ነበር። ‘እናመሰግናለን’ ከሚለው አላልፍ አለኝ” አለች።

“እንግዲያው ጨርሰሻል። ከዚያ ሌላ ምን አለው?”

“አትስሚው” አለች ሴልማ። “ይኸው አርባ ዓመት ሙሉ በዋዜማው ብቻዬን ነው የምቀመጠው። ዘንድሮስ ባሌ እቤት ይውላል ብዬ ነበር። እሱ ግን ለማገዶ ጥያቄ ያስተምራል።”

“አንቺስ እትዬ፣ እንዲቀር ትፈልጊያለሽ?”

ሴልማ ወደ መስኮቱ ዞረች። “ብፈልግማ ለምዱን አላቃጥለውም ነበር? ትላንት ቀዳዳውን ስጠቅም ነው የዋልሁት።”

ኦይቫ እጁን አነሳ፤ ሲያነሳ ሁለቱም ዝም እንዲሉለት ነው። ሹክሹክታውን ለመስማት ቱሊኪ ወደ ፊት አጎነበሰች።

“ድምፁ አደራ ነበር” አለ። “ባለቤቱ ወሰደው። ይህን ሁሉ ዘመን ስላዋሰኝ ተመስገን፤ ምንም ቅር አላለኝም። ጥያቄዋ ግን ታሳዝነኛለች። እሷ ከኔ ጋር ልትቀር ነው። ያገኘኋት ደግሞ ካንቺ ነው፤ አመስግኜሽ እንኳ አላውቅም።”

“አንተ እኔን? ጋሼ፣ እኔ እኮ ነኝ ላመሰግን የመጣሁት! በዚያን ቀን ባትቀመጥልኝ ኖሮ…”

“ኧረ በኋላ ተመሰጋገኑ!” አለች ሴልማ። “ሰውዬው ትንፋሹ ያልቅበታል።”

ኦይቫ ያለ ድምፅ ሳቀ፤ ትከሻው ብቻ ተነቃነቀ። ውኃ ተጎንጭቶ ቀጠለ።

“ለምዱን እለብሳለሁ። ጆንያውን እሸከማለሁ። ማንኳኳትም እችላለሁ። ያቺን አንዲት ቃል ነው ያቃተኝ። ሌላ ሰው ቢናገራትስ?”

ቱሊኪ ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ገባት። “እኔ? በሴት ድምፅ? ዮሉፑኪ እኮ አውራ ፍየል ነው!”

“አውራው ብቻውን መንጋ አይሆንም” አለች ሴልማ። “እንስቷን የት ጣልናት?”

“ደግሞስ ልጆቹ ያውቁኛል። በየጠዋቱ ‘ቀበቶ እሰሩ!’ እያልሁ የምጮኽባቸው እኔ ነኝ። አፌን ስከፍት ቱሊኪ ናት ይላሉ።”

“እኔንስ አያውቁኝም ነበር?” አለ ኦይቫ። “ሁሌም ያውቁኛል። ማወቃቸው ደስታቸውን ቀንሶት አያውቅም።”

ቱሊኪ የዚያ የኋላ ወንበር ልጅ ጣት፣ መስኮቱ ላይ የሚያሰምረው መስመር ትዝ አላት።

ኦይቫ ደክሞታል፤ ግንባሩ አልቦታል። ቢሆንም ወንበሩን ወደሷ ጎተተና እጇን በሁለት እጁ ያዘ፤ ለራሱ ነገር ሰው ለምኖ የማያውቅ ሰው እንደሚለምን፣ ዓይኑን ዝቅ አድርጎ፦

“ቱሊኪ፣ እባክሽ” አላት። “ነገ ለካውኮ ኦይቫ ይችላል ብለሽ ንገሪልኝ። በዋዜማውም አብረሽኝ ውጪ። እኔ ላንኳኳ፣ አንቺ ደግሞ ጠይቂልኝ። ትጠይቂልኛለሽ?”